ኦርዮ ከዝርዝሩ ለምን አልወጣም?

ባለፈው ዓመት የወጣቶች ኅብረታችን አንድ ፕሮግራም አዘጋጅቶ ነበር። ዓላማው ቤተ ክርስቲያናችንን ለብዙ ዓመት ያገለገሉ አረጋውያንን ማመስገን ነው። ለጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ፣ ለድሮው የመዘምራን አሠልጣኝና ለበር ጠባቂያችን ጋቢ ገዛን። በር ጠባቂያችን የቀድሞ ወታደር ስለሆኑ ለእሳቸው ለብቻ የምስክር ወረቀት አሳተምን፤ ጠርዙ ወርቃማ፣ «ለአገርዎ ለከፈሉት መሥዋዕትነት» የሚል፣ ከታች የኅብረቱ ማኅተም ያረፈበት። ስማቸው ሲጠራ ጉባኤው ቆሞ አጨበጨበ። ወረቀቱን ያስረከብኳቸው እኔ ነበርኩ። ፎቶ ተነሣን።

ፕሮግራሙ አልቆ ወንበር ስንሰበስብ ወደ እኔ መጡ። ወረቀቱ እንዳይታጠፍ በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይቺ ወረቀት ሆስፒታል ታስገባለች?» አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ነበር። ቀልድ አልነበረም። ማኅተም ያለበት ወረቀት በሕዝብ ፊት ሲሰጣቸው፣ ከስንት ዓመት በኋላ አንድ ሰው ጉዳያቸውን የጨረሰላቸው መስሏቸው ነበር።

«አይ አባባ፣ ይሄ ለማስታወሻ ነው» አልኳቸው።

«ገባኝ፣ ገባኝ። ጌታ ይባርካችሁ» ብለው ወደ በራቸው ተመለሱ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያ ጥያቄ ስላልለቀቀኝ ነው።

እኛ ሃምሳ አለቃ ነው የምንላቸው። ብዙዎቻችን ስማቸውን ያወቅነው የምስክር ወረቀቱ ሲታተም ነው ብል ውሸት አይሆንብኝም። በ1978 ዓ.ም. ገበያ ወጥተው ሳለ ታፍሰው ነው ወደ ጦር ማሠልጠኛ የገቡት። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ደርግ በ1975 ዓ.ም. ባወጣው የብሔራዊ ውትድርና ሕግ መሠረት ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ወጣት የውትድርና ግዳጅ ነበረበት። ቀበሌው ኮታውን ካላሟላ ከመንገድም ከገበያም ይታፈሳል። ዕድሜያችሁን አስቡት፤ ዛሬ ይህን መጽሔት የሚያነብ ወንድ ልጅ ሁሉ ማለት ይቻላል። ሃምሳ አለቃ አምስት ዓመት ኤርትራ ውስጥ ተዋጉ። ምፅዋ አካባቢ የገባባቸው ፍንጣሪ ዛሬም ጉልበታቸው ውስጥ አለ። በግንቦት 1983 ጦሩ ሲፈርስ ከብዙ ሺህ ወታደሮች ጋር በእግራቸው ወደ ሱዳን፣ ወደ ከሰላ ሄዱ። ስለዚያ መንገድ ብዙ አይናገሩም። የምናውቀው ጠዋት ጠዋት ከሁሉ አስቀድመው ጀሪካናቸውን ውኃ ሞልተው ከመቀመጫቸው ሥር እንደሚያስቀምጡ ነው፤ ውኃ ባይጠፋም ይሞላሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት ጉዳዩን በኅብረታችን የውይይት ሰዓት አነሣሁት። ሃምሳ አለቃን በእውነት ለማክበር ምን እናድርግ አልኩ። አንድ ጎበዝ ልጅ፣ ጎበዝ ያልኩት ከልቤ ነው፣ እጁን አወጣ። «ይቅርታ አድርጉልኝና፣» አለ፣ «ቤተ ክርስቲያናችንን የዘጋው የደርግ መንግሥት አይደለም? አያቴ በእምነቷ ምክንያት ታስራለች። እኝህ ሰው ይጠብቁ የነበረው ያንን መንግሥት ነው። አዝንላቸዋለሁ፤ ምጽዋትም እሰጣለሁ። ክብር ግን ሌላ ነገር ነው። ክብር የሚሰጠው ላደረጉት ነገር ነው። ያደረጉት ነገር ስሕተት ከሆነ ምኑን ነው የምናከብረው?»

ዝም አልን። ልጁ የተናገረው ታሪክ ነው። ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ታፍነው ተወስደው ተገድለዋል። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ተዘግታ ንብረቷ ተወርሷል። ከእኛ ሽማግሌዎች መካከል በየቤቱ ተደብቀው ያመለኩ አሉ። ጥያቄውን በይቅርታ ስብከት ማለፍ ልጁን መናቅ ይሆንብኛል። የጠየቀው ይቅር እንበል ወይ ብሎ አይደለምና፤ የጠየቀው ወታደርን የምናከብረው ስለ ምን እንደሆነ ነው።

እስኪ አገራችን እስከ ዛሬ እንዴት እንዳከበረች እንይ።

በሚያዝያ 1943 የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ኮሪያ ሄደ። ከክቡር ዘበኛ የተመረጡ ነበሩ፤ ንጉሡ ራሳቸው ናቸው የሸኟቸው። ከ120 በላይ ሞተው፣ ከ500 በላይ ቆስለው፣ አንድም ምርኮኛ ሳይያዝባቸው ተመለሱ። በ1960 በደቡብ ኮሪያዋ ቹንቾን ከተማ የመታሰቢያ ሐውልት ሲቆምላቸው ንጉሠ ነገሥቱ በቦታው ነበሩ። ስድስት ዓመት አለፈና አብዮቱ መጣ። አዲሱ መንግሥት የሰሜን ኮሪያ ወዳጅ ሆነ። ያኔ «ኮሪያ ዘምቻለሁ» ማለት የሚያኮራ ነገር መሆኑ ቀረና የሚደበቅ ሆነ። በአዲስ አበባ ኮሪያ ሰፈር የነበሩ ዘማቾች ሜዳሊያቸውን ሣጥን ውስጥ ከተቱ።

ያው መንግሥት የራሱን ጀግኖች አከበረ። በኦጋዴን ጦርነት ለወደቁት ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ የትግላችንን ሐውልት አቆመ፤ በ1977 መባቻ ተመረቀ። የሠሩት የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጭምር ናቸው። ወላጆቻቸው በጦርነቱ ለሞቱባቸው ልጆች ደግሞ አላጌ ላይ የሕጻናት አምባን ሠራ። ሰባት ዓመት ሳይሞላ ያም መንግሥት ወደቀ። ሐውልቱ ዛሬም ቆሟል፤ ለስንቶቻችሁ ከታክሲ መስኮት ከሚታይ ረጅም ድንጋይ የተለየ ነገር ነው? አምባውም ተዘጋ። በእሱ ፋንታ ሌላ ዓይነት ታጋይ፣ ሌላ ዓይነት ሰማዕት፣ ሌላ ዓይነት ሐውልት መጣ። እሱም ተራው ደርሶ ደበዘዘ።

እንግዲህ አገራችን ወታደር ማክበር አታውቅም ማለት አይቻልም። ታውቃለች። ነገር ግን የምታከብረው በዚያን ጊዜ ወንበር ላይ ያለውን ሰው የሚያስደስተውን ወታደር ነው። ጓደኛችን ያቀረበው ሐሳብ፣ ሳያስበው፣ ከዚህ የተለየ አይደለም። ክብሩን ከላከው መንግሥት ጋር አሰረው፤ መንግሥቱ ሲረክስ ወታደሩም አብሮ ረከሰ። ይህ ፍርድ ከሆነ የቃኘው ዘማች በ1965 ጀግና፣ በ1968 አፍቃሪ ኢምፔሪያሊዝም፣ በ1990ዎቹ እንደገና ጀግና ነው። ሰውየው ግን አንድ ነው፤ ጠባሳውም ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።

ሌላም ነገር አለ። ደርግ ለጦርነቱ መሣሪያ ይገዛ የነበረው በብድር ነው፤ በተለይ ከሶቪየት ኅብረት። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ አዲሱ መንግሥት «ይህ የደርግ ዕዳ ነው፣ አይመለከተኝም» ብሎ አልገላገለም። አገር መንግሥት ቢለዋወጥባትም አገር ናትና ዕዳው ተወረሰ፤ ሩሲያ አብዛኛውን እስክትሰርዝ ድረስ የኢትዮጵያ ዕዳ ተብሎ በመዝገብ ቆየ። ታንኩ የእኛ ዕዳ ከሆነ፣ ታንኩ ውስጥ የተቃጠለው ልጅ የማን ዕዳ ነው? ጠመንጃውን የተበደርንበትን ወረቀት ይዘን ጠመንጃውን ያሸከምነውን ሰው «የደርግ ወታደር» ብለን ለደርግ መለስነው። ደርግ ደግሞ የለም።

ፍትሐዊ ልሁን። በ1983 የፈረሰው ጦር ከ450 ሺህ በላይ ነበር፤ ድህነትና ረኃብ የጎዳው አገር ይህን ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ መቀበል ነበረበት። ለዚያ ሥራ ኮሚሽን ተቋቁሟል። ገጠር ለተመለሱት የወራት ቀለብ፣ ዘርና የእርሻ መሣሪያ የተሰጣቸው ብዙ ናቸው፤ ሌሎች አገሮች እስኪማሩበት ድረስ የተመሰገነ ሥራም ነው። ግን ከተማ የቀሩትን፣ አካላቸው የጎደለውን፣ ፋይላቸው አስመራ የቀረባቸውን በ1980ዎቹ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅና በየመብራቱ ያያቸው ወላጆቻችሁ ይነግሯችኋል። የወታደር ልብስ ለብሶ መለመን የተለመደ ነገር ሆኖ ነበር።

አሁን ወደ ኦርዮ ልምጣ፤ ለጓደኛችን የሰጠሁት መልስ እሱ ነውና።

ኦርዮ ኬጢያዊ ነው። የእስራኤል ተወላጅ አይደለም፤ በዳዊት ጦር ውስጥ የሚያገለግል የባዕድ ዘር ነው። ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ብዙ ጊዜ ግን የምንሰማው የዳዊትና የቤርሳቤህ ታሪክ ተብሎ ነው። እስኪ አንድ ጊዜ የወታደሩ ታሪክ አድርጋችሁ አንብቡት። ጦሩ የአሞንን ከተማ ረባትን ከቦ ሜዳ ላይ አድሯል። ንጉሡ ቤቱ ነው። ንጉሡ ኦርዮን ከግንባር አስጠርቶ ወደ ቤትህ ሂድ ቢለው፣ ጓደኞቼ በድንኳን እያደሩ እኔ እንዴት ቤቴ ገብቼ እተኛለሁ ብሎ ከአገልጋዮቹ ጋር በቤተ መንግሥቱ ደጅ አደረ። ሃምሳ አለቃ የሚያድሩት በር ላይ መሆኑን ሳስብ ይህ ቦታ ይከብደኛል። ከዚያ ንጉሡ ደብዳቤ ጽፎ በራሱ በኦርዮ እጅ ለኢዮአብ ላከ። ደብዳቤው ኦርዮን ሰልፉ በጸናበት ቦታ አቁመህ ሽሹበት የሚል ነው። የሞት ፍርዱን ተሸክሞ ሄደ። ሞተ።

ኦርዮ የሞተለት ዓላማ ምን ነበር? እሱ እንዳሰበው ለአገሩና ለጓደኞቹ ነው። በእውነቱ ግን የሞተው የአንድ ሰው ኃጢአት እንዲሸፈን ነው። ያ ትእዛዝ ከሥሩ የረከሰ ነበር። የጓደኛችንን መለኪያ ብንይዝ ኦርዮ ምንም ክብር አይገባውም፤ ያዘዘው ሰው አጥፍቷልና።

ነገር ግን በሁለተኛ ሳሙኤል 23 የዳዊት ኃያላን ስም ዝርዝር አለ። 37 ሰዎች ናቸው። መጨረሻ ላይ የተጻፈው ኬጢያዊው ኦርዮ ነው። ዝርዝሩን ያዘጋጀው ጸሐፊ ይህን ስም ለመተው በቂ ምክንያት ነበረው። ስሙ ንጉሡን ያሳፍራል፤ ያነበበ ሁሉ ያን ሌሊት ያስታውሳል። 36 ብሎ ማቆም ይችል ነበር። አላደረገም። ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ማቴዎስ የጌታችንን የትውልድ ሐረግ ሲጽፍ እንኳ የሰሎሞንን እናት በስሟ ሳይሆን የኦርዮ ሚስት እንደነበረች አድርጎ ነው የጠቀሳት። የወታደሩ ስም ከመዝገብ ወጥቶ አያውቅም።

እኔ ከዚህ የምረዳው፣ የታማኝነት ዋጋ ታማኝነቱን ባጎደፈው ሰው እጅ እንደማይለካ ነው። ጌታው ቢበድል ኦርዮ ራሱ ያደረገው ነገር፣ ጓደኞቹን አለመተዉ፣ ምቾትን እምቢ ማለቱ፣ ቦታውን አለመልቀቁ፣ የእሱ ሆኖ ይቀራል። ዳዊት ሊያረክሰው አልቻለም። ያዘዘን ሰው ጥፋት ወደ ታዘዘው አውርደን ስንጭን ደግሞ አንድ መጥፎ ነገር እንሠራለን፤ ያዘዘውን እናቀልለታለን። የመንግሥቱን ኃጢአት ገበያ ላይ የታፈሰ የ19 ዓመት ልጅ ጉልበት ላይ ጭነን እኛ ነፃ እንሆናለን።

ሁሉም ወታደር ግን ኦርዮ አይደለም፤ ይህን ካልተናገርኩ ጽሑፌ ሐሰት ይሆናል። ያችን ደብዳቤ የተቀበለው ኢዮአብም ወታደር ነበር። ክፉ ትእዛዝ መሆኑን እያወቀ ፈጸመ፤ ከፈጸመ በኋላም ለንጉሡ የሚነገረውን ወሬ አስተካክሎ ላከ። የሚገርመው፣ የሠራዊቱ አለቃ ኢዮአብ በዚያ የኃያላን ዝርዝር ውስጥ አልተቈጠረም። ወንድሞቹ አሉ፤ ጋሻ ጃግሬው እንኳ አለ። እሱ የለም። ምክንያቱን መጽሐፉ ስላልነገረን እኔም አልፈጥርም። ይሁን እንጂ እስረኛ የገደለ፣ ሴት የደፈረ፣ መንደር ያቃጠለ ሰው «ታዝዤ ነው» በሚል ቃል ሊጸዳ አይችልም። ለዚያ ፍርድ ቤት አለ፤ ሊኖርም ይገባል። ክብር ምሕረት የማድረጊያ አዋጅ አይደለም። እንዲህም ሆኖ ወንጀለኛ ቁስለኛ እንኳ ቢሆን ቁስሉ ይታጠባል፤ የሚዳኘውም ከታከመ በኋላ ነው።

ከእናንተ መካከል ከሌላ አቅጣጫ የምትቃወሙኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን የመሰለ ጦርነትን በእምነት የሚቃወም ትውፊት በአገራችን አለ፤ እኔም ብዙ ነገር ተምሬበታለሁ። ወታደርን ባከበርን ቁጥር ጦርነትን ውብ አድርገን ለሚቀጥለው ልጅ እናሳየዋለን የሚል ሥጋት ነው። ሥጋቱ እውነት ነው፤ ሰልፉ፣ ዘፈኑና ባንዲራው ይህን ሲያደርጉ አይተናል። ግን ሃምሳ አለቃን ሐኪም ዘንድ ይዞ የሚሄድ ልጅ ጦርነት ውብ ይመስለዋል? እኔ እንጃ። ከማይክሮፎን የራቀ ክብር፣ ራጅ ክፍል ፊት ለፊት ተሰልፎ የሚጠብቅ ክብር፣ ጦርነትን የሚወድ ሰው አያፈራም። ወታደሮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው እኛስ ምን እናድርግ ሲሉት ሥራችሁን ለቅቃችሁ ውጡ አላላቸውም፤ እናንተስ ጀግኖች ናችሁ ብሎም አላጨበጨበላቸውም። ግፍ እንዳይሠሩና በደመወዛቸው እንዲበቃቸው ነገራቸው። የሚበቃ ደመወዝ ግን ከፋይ ይፈልጋል፤ ያ ደግሞ የእኛ ድርሻ ነው።

ይህ ሁሉ የአያቶቻችን ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልደከምኩበት። ጥቅምት 23 ቀን 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈረመ። ከዚያ በኋላ የተቋቋመው የብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ የመመለስ ዕቅድ ይዞ በኅዳር 2017 መቀሌ ላይ ሥራ ጀመረ። ከ1983ቱ ቁጥር ጋር አስተያዩት። ብዙዎቹ የእናንተ እኩዮች ናቸው። በአንድ ጉባኤ ውስጥ ልጇ በመከላከያ ሠራዊት ውስጥ የቆሰለባት እናትና ልጇ በሌላው ወገን የቆሰለባት እናት በአንድ አግዳሚ ወንበር ይቀመጣሉ፤ ይህን በዓይናችሁ ያያችሁ አላችሁ። ክብርን ከአሸናፊነት ጋር ካሰርነው ከሁለቱ አንዷ ልጇን ደብቃ ማልቀስ አለባት። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ተራው ይገለበጥና ሌላዋ ትደብቃለች። ፖለቲካው ሌላ ቋንቋ ይናገር ይሆናል። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን ሁለቱም ልጆች ለአንድ ክራንች እኩል መብት አላቸው ብዬ አምናለሁ፤ ይህን ስል ማንን እንደማስከፋ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም።

በተረፈ ክብር በተግባር ምን ይመስላል?

ዳዊት አንድ ጊዜ ከ600 ሰዎች ጋር ምርኮውን ሊያስመልስ ሲሄድ 200ው ደክመው በቦሦር ወንዝ ቀሩ። 400ው ተዋግተው ሲመለሱ አንዳንዶቹ ለቀሩት ምንም አንሰጥም አሉ። ዳዊት እኩል ይካፈላሉ አለ። ይህን ሁላችን ሰብከነዋል። እኔን የያዘኝ ከዚያ የሚቀጥለው ነው፤ ነገሩን ከዚያ ቀን ጀምሮ በእስራኤል ሥርዓት አደረገው። በዚያ ቀን በነበረው ደግነት ብቻ አልተወውም፤ ሕግ አደረገው። የደከመው ሰው በሚቀጥለው ጊዜ የሚለምን አይሆንም ማለት ነው። መብቱን ይጠይቃል።

እኛ ሕጉ የለንም ማለት አይደለም። የጡረታ ሕጋችን በአገልግሎት ላይ ጉዳት የደረሰበትን ወታደር ያውቀዋል። የሚጠይቀው የአገልግሎት ማስረጃና የሕክምና ቦርድ ውሳኔ ነው። ሁለቱም ወረቀት ናቸው፤ ወረቀት ደግሞ ከከሰላ መንገድ ላይ አይተርፍም። ሃምሳ አለቃ ከብዙ ዓመት በፊት ወደ አንድ ቢሮ ሄደው ነበር። «ፋይልዎ የለም» ተባሉ። «እግሬስ?» አሉ። «እግርዎ ፋይል አይደለም» አላቸው ጸሐፊው። ይህን እየሣቁ ነው የነገሩን። ጸሐፊው ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ያለ ሰነድ ከከፈለ እሱ ይጠየቃል። ለዚህ ነው እዚህ ላይ የደግ ሰው ብዛት የማይረዳው። የሚረዳው ሰነዱ ለጠፋበት ሰው በምስክርና በሕክምና ምርመራ የሚያስተናግድ አሠራር፣ እያንዳንዱን አዛውንት ከመስኮት ወደ መስኮት ከመላክ በአንድ ቦታ ጉዳዩን የሚጨርስ ቢሮ፣ ዛሬ ከካምፕ የሚወጣው ልጅ ደግሞ ማስረጃውን በእጁ ይዞ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ሰው ሠራሽ እግርም አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ያረጃል፣ የተቆረጠው ቦታ ይለወጣል፣ እንደገና መለካት አለበት። ገጠር ያለ ሰው ለዚያ ስንት መኪና ይቀያይራል?

ስለ ሌሊቱ ደግሞ መናዘዝ አለብኝ። ከሁለት ዓመት በፊት በአዳር ጸሎት ላይ ሳለን ከበር ጠባቂው ክፍል ጩኸት ሰማን። ሮጠን ሄድን። ሃምሳ አለቃ ላብ በላብ ሆነው አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። እኛም በቅንዓት ተሞልተን ከበብናቸው፤ እጅ ጫንን፤ «ውጣ!» እያልን ጮኽን። ግማሽ ሰዓት ያህል። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ታገሡን። ስንጨርስ ቀና ብለው፣ «ልጆቼ፣ ጋኔን አይደለም። ጓደኞቼ ናቸው» አሉን።

መጸለያችን ስሕተት ነው አልልም። ሳንጠይቅ ማወቃችን ነው ስሕተቱ። በጦርነት ያለፈ ሰው ሌሊት መጮኹ፣ በድንገተኛ ድምፅ መደንገጡ፣ ከሰው መሸሹ በብዙ አገር ወታደሮች ላይ የታየ ሕመም ነው። የአሜሪካ ሐኪሞች ከቬትናም በተመለሱ ወታደሮች ላይ ደጋግመው ስላዩት በ1980 እ.ኤ.አ. በሕክምና መመሪያቸው ውስጥ ስም ሰጥተው መዘገቡት። ሕክምናም አለው፤ የንግግርም የመድኃኒትም። በአገራችን ለረጅም ዘመን የአእምሮ ሐኪም ሲባል አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ስሙም እንደ ስድብ ስለሚቆጠር ብዙ ሰው እዚያ ከሚታይ ሲሰቃይ መኖርን መርጧል። ያን ፍርሃት ያጠናከርነው እኛም ነን። ወደፊት ከጦርነት የተመለሰ ወንድም ወደ ኅብረታችሁ ሲመጣና ከበስተኋላ በሩ አጠገብ ሲቀመጥ፣ ከበሮው ሲመታ ብድግ ብሎ ሲወጣ፣ «መንፈሱ ተቃወመ» ከማለታችሁ በፊት ውጭ ድረስ ተከተሉትና አጠገቡ ቁሙ።

ጎበዙ ጓደኛችን ስለ ኦርዮ ከተነጋገርን በኋላ አልተስማማም። «እሺ፣ ክብር የሚለውን ቃል አሁንም አልወድም» አለ። «ግን ነገ ቀበሌ የሚሄድ ሰው ከተፈለገ እኔ እሄዳለሁ።» ከእኔ ይልቅ እሱ ነው የሄደው። ሃምሳ አለቃ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን እንዲመዘገቡ ፈለግን። ለካ መታወቂያቸው ጊዜው አልፎበታል። መታወቂያ ለማሳደስ አንድ ጊዜ፣ ፎቶ ትንሽ ነው ተብሎ ሌላ ጊዜ፣ የምዝገባው ወቅት እስኪደርስ ደግሞ ወራት ጠበቅን። መዋጮውን ኅብረቱ ከፈለ። ደብተሩ በእጃቸው የገባ ዕለት ገልብጠው ገልብጠው አዩትና ያን ወርቃማ ጠርዝ ያለውን ወረቀት በያዘው ላስቲክ ውስጥ ከተቱት። «ይቺ ታስገባለች» አሉ፤ ጥያቄ አልነበረም።

ጉልበታቸው ራጅ ተነሥቷል። ሐኪሙ ፍንጣሪውን ማውጣት ይሻል እንደሆነና እንዳልሆነ በሚቀጥለው ቀጠሮ እነግራችኋለሁ ብሏል። የጡረታው ጉዳይ ገና ነው። የክፍላቸውን ስም፣ የቆሰሉበትን ወርና የታከሙበትን ሆስፒታል እሳቸው እየነገሩን ጓደኛችን በንጹሕ ወረቀት ጽፎታል። አብረዋቸው የነበሩ ሁለት ምስክሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛው ሐዋሳ ውስጥ አንድ መጋዘን ይጠብቃሉ ተብሏል፤ ስልካቸውን እያፈላለግን ነው።